ከሰባ ሰባቱ ረሃብ የተነሣ የቅምሻ ምሽት

አሜሪካ ውስጥ ስማቸው የገነነ ሼፎች ለበጎ አድራጎት በነፃ የሚያበስሉባቸው ምሽቶች አሉ። አንድ ሰፊ አዳራሽ ይያዛል። ዳር ዳሩን ጠረጴዛ ይደረደራል። በየጠረጴዛው አንድ ሬስቶራንት ይቆምና አንድ ዓይነት ምግብ ያቀርባል፤ ያውም ከአንድ ጉርሻ የማትበልጥ። ቲኬት የገዛው እንግዳ ብርጭቆውን ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ይቀምሳል። ቲኬቱ ርካሽ አይደለም። መሃል ላይ ደግሞ ጨረታ ይጀመራል። «እገሌ የተባለው ሼፍ ቤታችሁ መጥቶ ለአሥር ሰው ያበስላል» ይባልና አዳራሹ ይሟሟቃል። ገቢው የሚሄደው ለተራበ ሰው ነው።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እዚህ እንዲህ ያለው ዝግጅት የከተማው ኑሮ አካል ነው። በተማሪነቴ ጊዜ በኬተሪንግ ሥራ እነዚህ አዳራሾች ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ሳህን ሰብስቤያለሁ፣ በረዶ ተሸክሜያለሁ። ብዙ ሐበሻ ግን ነገሩ ከእኛ ጋር ያለውን ዝምድና የሚያውቅ አይመስለኝም። የአሜሪካ ሼፎች በየከተማው ተሰልፈው ረሃብን ለመዋጋት የተነሡት በእኛው ረሃብ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ክረምት ቢል ሾር የሚባል ወጣት ዋሽንግተን ውስጥ ይሠራ ነበር። ሴናተር ጌሪ ሃርት ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር በምርጫ ዘመቻው ውስጥ ነበረበት። ሃርት የፓርቲውን ዕጩነት አጣ። በዚያው ሰሞን ሾር ጋዜጣ ሲያገላብጥ፣ በያዝነው ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ 200,000 ሰው ሊያልቅ ነው የሚል ዜና ዓይኑ ገባ። ይህ እንግዲህ ከኮረሙ የቢቢሲ ፊልም በፊት ነው። ዓለም በቴሌቪዥን አይቶ የደነገጠው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነበር፤ እኛ ሰባ ሰባት የምንለው መሆኑ ነው።

ሾር ከእህቱ ከዴቢ ጋር ሆኖ በክሬዲት ካርድ 2,000 ዶላር ተበደረ። ካፒቶል ሂል ሰፈር ውስጥ ካለ ቤት ምድር ቤት ገብቶ አንድ ድርጅት ጀመረ። ስሙን ሼር አወር ስትሬንግዝ አለው። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ሙያ፣ የእጁን ሥራ ያዋጣ ነው ሐሳቡ። ያኔ ዘፋኞች በመድረካቸው ለኢትዮጵያ ገንዘብ ሲሰበስቡ፣ እሱ ደግሞ ወደ ወጥ ቤት ዞረ። ሰው ማብላት የዕለት ሥራቸው የሆኑትን ሼፎችና የሬስቶራንት ባለቤቶች በደብዳቤ ጠራ። በ1988 ቴስት ኦፍ ዘ ኔሽን የተባለው የቅምሻ ዝግጅት በየከተማው ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሼፉ ምግቡንና ጉልበቱን ይሰጣል። የአዳራሹን ወጪ ስፖንሰር ይሸፍናል። የቲኬቱ ገንዘብ ሳይሸራረፍ ለዓላማው ይውላል። ዛሬ በየከተማው የምናየው የበጎ አድራጎት ቅምሻ በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ነው የተከተለው።

ከእነዚያ የመጀመሪያ ሼፎች መካከል ስለ አንዱ ሰፋ አድርጌ ባወራ ደስ ይለኛል። ኖኤል ከኒንግሃም ይባላል። ደብሊን የተወለደ አይሪሽ ነው። ዴንቨር ከተማ ውስጥ ስትሪንግስ የተባለ ሬስቶራንት ነበረው፤ የከተማው ትልልቅ ሰዎች የሚዘወትሩት ቤት። አየርላንዶች የረሃብን ነገር ያውቁታል። በ1840ዎቹ ድንቹ በበሽታ ሲጠፋ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቆባቸዋል፣ የተረፈውም ተሰዷል። ኖኤል ዴንቨር ውስጥ ሼፎችን ለቅምሻ ምሽት ካስተባበሩት አንዱ ነበር። ግን እዚያ አላበቃም። ኢትዮጵያ ድረስ ሄደ። ከቡታጅራ ብዙም የማይርቀውን የተቦንን አየ።

የተቦን ጉራጌ ውስጥ ያለች ገጠር ናት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ሴናተር ወይዘሮ ማርታ ገብረ ጻድቅና ባለቤታቸው አቶ ደመቀ ተክለ ወልድ፣ ፕሮጀክት መርሲ በተባለው ድርጅታቸው ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ያቋቋሙባት ቦታ ናት። ኖኤል ይህንን ሥራ የራሱ አደረገው። ዴንቨር ተመልሶ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ሕፃናቱን አስተባበረ። ልጆቹ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሃያ አምስት ሳንቲም እያዋጡ ለየተቦን ላኩ። ኖኤል በ2011 አረፈ። አንድ ሼፍ፣ ሌሊት ሬስቶራንቱን ዘግቶ የሚወጣ ሰው፣ ለማያውቀው የጉራጌ መንደር ይህን ያህል ሲደክም ስለ እሱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አለማግኘቴ ያንገበግበኛል። ስሙን እዚህ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ ዓይኑን ይበልጥ ወደ አሜሪካ ልጆች መለሰ። በ2010 ኖ ኪድ ሀንግሪ የሚል ዘመቻ ከፈተ። እዚህ አገር መንግሥት ለትምህርት ቤት ቁርስ በጀት አለው። ችግሩ ልጆቹ አይበሉትም። ቁርሱ ከደወሉ በፊት በካፌ ይሰጥ ስለነበር አውቶቡስ የዘገየበት ልጅ ያመልጠዋል። የደረሰውም «ድሃ ነው» እንዳይባል ያፍራል። መፍትሔው ቁርሱን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ለሁሉም ማደል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ተሽከርካሪ ጋሪ፣ ማቀዝቀዣ፣ ጉዳዩን የሚከታተል ሰው ነው። የቅምሻ ምሽቱ ቲኬት የሚገዛው እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ለፎቶ አይመችም። እኔ ግን ከሁሉ የማከብረው ይህን ክፍል ነው።

ወደ ዋሽንግተን ልመለስ። ዲሲ ሴንትራል ኪችን የሚባል ቤት አለ። ሮበርት ኤገር የተባለ የምሽት ክበብ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው በ1989 ነው የጀመረው። የመጀመሪያው ምግብ ከየት የተገኘ ይመስላችኋል? ከፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ከአባትየው፣ በዓለ ሲመት ግብዣ የተረፈ ነው። ኤገር ያን ትርፍ ምግብ በመኪና ሰብስቦ ለመጠለያዎች አከፋፈለ። ሌላም ነገር ጨመረበት። ከእስር የወጡትን፣ ጎዳና ላይ የነበሩትን፣ ከሱስ የሚታገሉትን ሰዎች ወጥ ቤት አስገብቶ ሙያ ማስተማር ጀመረ። ሠልጣኞቹ ለከተማው ችግረኛ እያበሰሉ ይማራሉ፣ ሲጨርሱ ሬስቶራንትና ሆቴል ይቀጠራሉ። ቤቱ ለረጅም ዓመታት ከካፒቶሉ ብዙም በማይርቅ መጠለያ ምድር ቤት ውስጥ ነበር።

ሆዜ አንድሬስ ወደዚህ ቤት የመጣው ገና ሃያዎቹ ውስጥ እያለ ነው። ስፔናዊ ነው። በ1993 ሃሌዮ የተባለውን ሬስቶራንት ወጥ ቤት ሊመራ ዋሽንግተን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ዲሲ ሴንትራል ኪችን በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ጀመረ፣ በኋላም ቦርዱን መርቷል። ቤቱ በየዓመቱ ካፒታል ፉድ ፋይት የሚባል ምሽት ያዘጋጃል። ሼፎች መድረክ ላይ ወጥተው ፊት ለፊት በምግብ ይፎካከራሉ፤ ሰውም ዙሪያውን እየቀመሰ ያያል። በቴሌቪዥን የገነነው ሼፍ አንተኒ ቦርዴን ራሱ በሕይወት ሳለ መጥቶ እዚያ መድረክ ላይ ቆሟል። ጩኸቱና ሙዚቃው ብዙ ነው። ገንዘቡ ግን ከእስር የወጣ ሰው ቢላዋ አያያዝ እንዲማር የሚያደርግ ገንዘብ ነው።

ሆዜ ከዚያ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2010 ከሄይቲው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ወርልድ ሴንትራል ኪችንን መሠረተ። በ2017 ፖርቶ ሪኮ በማዕበል ስትመታ እሱና ባልደረቦቹ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሳህን ምግብ አቀረቡ። ኤፕሪል 2024 መባቻ ላይ ሰባት የድርጅቱ ሠራተኞች ጋዛ ውስጥ ምግብ አድርሰው ሲመለሱ በእስራኤል የአየር ጥቃት ተገደሉ። የሼፍ በጎ አድራጎት ሲባል ብርጭቆ ይዞ መዞር ብቻ የሚመስለው ሰው እነዚህን ሰባት ሰዎች ያስባቸው።

አሁን ልቤን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ።

ረሃቡ በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነበሩ። ማማ ደስታ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው የተከፈተው። በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርገን ሰፈር፣ አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ እነ መስከረም እነ ሬድ ሲ ነበሩ። እና ያኔ «የኢትዮጵያ ሬስቶራንት? ባዶ ሳህን ነው የሚያቀርቡት?» የሚል ቀልድ ነበር። ቀደም ብለው የመጡት ወገኖቻችን ይህንን በጆሯቸው ሰምተዋል። ያንን ሰምተው በማግስቱ ጠዋት ተነሥተው ሊጥ አቡክተዋል። ዛሬ ከተማው ያለ እንጀራ አይታሰብም። ሬስቶራንቶችን የሚመዝነው ሚሼሊን በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሽንግተንን ሲመዝን፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ይበላባቸዋል ካላቸው 19 ቤቶች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ዳስ እና ጨርጨር።

ማርቆስ ሳሙኤልሰንንም እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ ስዊድን ያደገ ልጅ ነው። በ2009 ለፕሬዝዳንት ኦባማ የመጀመሪያ የመንግሥት እራት ተጋብዞ አበሰለ። በ2020 ኮሮና ሲገባ ሀርለም ያለውን ሬድ ሩስተርን ከሆዜ ድርጅት ጋር ሆኖ የሰፈሩ ነፃ ማዕድ አደረገው። አንድ ሰው ግን ነው። እኔ በቆምኩባቸው አዳራሾች ጠረጴዛ ላይ የእኛን ሰው ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። በረሃባችን ስም በተጀመረ ነገር ላይ፣ ረሃቡን ተሻግረን ከተማውን በምናበላበት ዘመን፣ ከሚያበሉት ወገን አለመታየታችን ትክክል አይደለም። ይህንን ስል ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ስለማውቀው ነው።

አንዱ ምክንያት ትውውቅ ነው። ትልልቆቹ ሬስቶራንቶች ግብዣውን ተቀብሎ የሚመልስ፣ ፎቶ የሚልክ፣ ስም የሚያስመዘግብ ሰው ቀጥረዋል። የእኛ ሬስቶራንት ባለቤቷ ራሷ ወጥ ሠሪ፣ ራሷ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ኢሜይሉን የሚያየው ልጇ ነው፣ እሱም ከፈተና ሲመለስ።

ሁለተኛው ምግቡ ራሱ ነው። የእኛ ምግብ ተቀምጦ፣ ተከቦ የሚበላ ነው። ቆሞ፣ በአንድ እጅ ብርጭቆ ይዞ ለሚበላ ሰው አይመችም። ይህን በቅርብ ያየሁት አንዲት ሬስቶራንት ያላቸው እናት ለአንድ ትምህርት ቤት ገቢ ማሰባሰቢያ ጠረጴዛ ሲያዘጋጁ ስረዳቸው ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ዶሮ ወጥ ካልሆነ አልሄድም አሉ። ሽንኩርቱ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ተቁላላ። ግን አጥንት ያለው ብልት ቆሞ አይበላም። ሥጋው ከአጥንቱ ተለቀመ። እሳቸው ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው ደስ አላለውም፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ያልተቆጠረበት ዶሮ ለእሳቸው ዶሮ አይደለም። እንቁላሉን በድርጭት እንቁላል እንተካው ተባለ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ። ይህንን ወደዱት።

ፈተናው እንጀራው ነበር። ገና ትኩስ ከሆነ ይጣበቃል። ማቀዝቀዣ ካደረ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። በጨርቅ ተሸፍኖ በራሱ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው እጅ የሚሰጠው። ወጡ ቀጭን ከሆነ እንጀራው ርሶ ይፈርሳል። ስለዚህ ቁሌቱ እስኪወፍር መጠጠ፣ ከሥር ትንሽ አይብ ተነጠፈ፣ ተጠቀለለ፣ በአውራ ጣት ልክ ተቆረጠ፣ ስቴኪኒ ተሰካበት። አዳራሹ ስንደርስ የአየር ማቀዝቀዣው ንፋስ ጫፍ ጫፉን ማድረቅ ጀመረ። እትዬ ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥበው፣ ጨምቀው አለበሱት። ጎናችን የነበረው ፈረንጅ ሼፍ ጨርቁን እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱም ዳቦ እየደረቀ ነበርና እርጥብ ጨርቅ ፍለጋ ሄደ።

አዘጋጆቹ 300 ሰው ይመጣል፣ ለሰው አንድ አንድ ብለው ነበር። እትዬ 600 ነው የጠቀለሉት።

«እትዬ፣ አንድ አንድ ብለዋል እኮ» አልኳቸው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል። ከማላውቀው ሰው ጋር ምን አጣላኝ?» አሉኝ።

ለእያንዳንዱ እንግዳ ሁለት ሁለት ሰጡ። አንዳንዱን በጓንት ይዘው በአፉ አጎረሱት። ሰልፉ ረዘመ። አስተባባሪዋ መጥታ ልትናገር ስትል እሷንም አጎረሷት። ማንም አላጉረመረመም። አንድ አዛውንት ሁለቴ ተሰልፈው መጡ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጉርሻ።

ሦስተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልፈልግም። ለ500 ሰው የሚቀርብ አንድ ጉርሻ ሦስት ዶላር ቢፈጅ 1,500 ዶላር ነው። በዚያ ላይ የሠራተኛው ቀን፣ ቤንዚኑ፣ ፓርኪንጉ። ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ኩባንያ ምንም አይደለም። ለአሥር ጠረጴዛ ቤት ግን የወሩን የመብራት ክፍያ ያናጋል። በአሜሪካ የግብር ሕግ ደግሞ በነፃ የሰጠኸው ጉልበት አይቀነስልህም፤ የሚታሰበው የዕቃው ወጪ ብቻ ነው። «ስማችሁ ይታወቃል» የሚለው ማባበያ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሼፎች ራሳቸው በዚህ ይማረራሉ፤ ስም ያለው ሼፍ በየሳምንቱ ነው የሚለመነው። እኔ የምለው፣ አዘጋጆች ትንንሽ ቤቶችን ሲጋብዙ የዕቃውን ወጪ ይክፈሉ። ስፖንሰር ለአበባና ለመብራት ማስጌጫ ከከፈለ ለሽንኩርትና ለዶሮም መክፈል ይችላል።

ደግሞ እኛ የራሳችን የቅምሻ ምሽት የለንም አይባልም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። እናቶች ከሌሊት ጀምረው ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ይሠራሉ። የእያንዳንዷ ቤት እንጀራ ይመጣል። ሳህን ይሸጣል። በዚህ ገንዘብ በሰው አገር ስንት ቤተ ክርስቲያን ተገዝቷል። አገር ቤት ሰው ሲፈናቀል፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ የአንድ ልጅ ሕክምና ሲያስፈልግ የሚጀመረው እዚያው ነው። እነዚህን ሴቶች ሼፍ ብሎ የጠራቸው የለም፤ ስማቸው በፕሮግራም ወረቀት ላይ አይወጣም። ለብዙ መቶ ሰው በአንድ ጠዋት ማብሰል ግን ሙያ ነው። ሆዜ አንድሬስ በአደጋ ቦታ የሚፈልገው ይህንኑ ሙያ ነው፦ በትልቅ ድስት፣ በፍጥነት፣ ጣዕሙ ሳይጓደል።

ሬስቶራንት ያላችሁ ወገኖቼ፣ በምትኖሩበት ከተማ ያለውን የቅምሻ ዝግጅት ፈልጉና ደውሉ። እስኪጠሯችሁ አትጠብቁ። ስትሄዱ የዕቃ ወጪ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። የምትቆሙበትን ቦታ ቀድማችሁ እዩ፤ ከማቀዝቀዣው ንፋስ ሥር ከሆነ ይቀየርልን በሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቢል ሾር በዚያ ክረምት ጋዜጣ ላይ ያነበበውን ታሪክም ለጎረቤት ጠረጴዛ ሼፍ ንገሩት፣ አብዛኛው አያውቀውም።

እትዬን ለዚህ መኸርም ጠርተዋቸዋል። ቀኑ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ዶሮው ቀርቶ ሱፍ ፍትፍትና አዚፋ ሊሠሩ ነው። የዕቃውን ወጪ እንዲሸፍኑ በልጃቸው በኩል ጻፉላቸው። ተስማምተዋል። ስንት ሰው ይመጣል ብለው ሲጠይቁም 400 ተባሉ፤ ለ800 የሚሆን ሱፍ አዝዘዋል።